እንቅልፍ የነሳኝ አስሙ ነው ወይስ መድኃኒቱ?

የአንባቢያን የጤና ጥያቄዎች፤ በፋርማሲ ባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ የምኖር የ43 ዓመት መምህርት ነኝ። አስም ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ያለማቋረጥ ያስነጥሰኛል፣ ዓይኔንም ያሳክከኛል። ነፋሱ በሚበረታበትና አቧራው በሚነሣበት የበጋ ወራት ይብስብኛል። ደረቴን ሲያፍነኝ ሰማያዊውን ፓፍ እስባለሁ፤ ፓፉ ቶሎ እንዳያልቅብኝ ስል ግን ማታ ማታ በሳልቡታሞል ክኒን እተካዋለሁ። ለአለርጂው ክሎርፌኒራሚን እወስዳለሁ። ሲጠናብኝ ደግሞ ቀደም ሲል ታዝዞልኝ የነበረውን ፕሬድኒሶሎን ራሴ ገዝቼ ለጥቂት ቀናት እውጣለሁ፤ በፆም ወቅት ጠዋት ስለማልመገብ የምወስደው ከእራት በኋላ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ልቤ እየመታ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ እገላበጣለሁ፤ እንቅልፍ ከወሰደኝም በኋላ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ እያሳለኝና ደረቴ ሲር ሲር እያለ እነቃለሁ። ጠዋት ክፍል ስገባ ራሴ ይከብደኛል። ጎረቤቴ «ዳያዜፓም ብትወስጂ ይሻልሻል» ብላኛለች። ልውሰድ?

መምህርት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዳያዜፓሙን አይውሰዱ። ዳያዜፓም የአተነፋፈስን ኃይል ሊያዳክም የሚችል መድኃኒት ስለሆነ አስሙ ሌሊት በሚነሣበት ሰው ላይ አደጋው ከጥቅሙ ያመዝናል፤ በማዘዣ ብቻ እንዲሸጥ የተደረገውም በከንቱ አይደለም። ከዚህም በላይ የእርስዎ ችግር የእንቅልፍ መድኃኒት እጥረት አይመስለኝም። ደብዳቤዎን በጥሞና ላነበበው ሰው በውስጡ ሁለት የተለያዩ የእንቅልፍ ችግሮች አሉ፤ አንደኛው ከእኩለ ሌሊት በፊት ያለው ነው፣ ሁለተኛው ከሌሊቱ 9 እና 10 ሰዓት ላይ የሚመጣው። የመጀመሪያው በአብዛኛው ከሚወስዱት መድኃኒት፣ ሁለተኛው ደግሞ በቂ ሕክምና ካላገኘው አስም የሚመጣ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። አንድ ባለ 4 ሚሊግራም የሳልቡታሞል ክኒን 4,000 ማይክሮግራም መድኃኒት ይዟል፤ ያው ሳልቡታሞል ያለበት ሰማያዊው ፓፍ በአንድ ጊዜ ሲጫን የሚሰጠው 100 ማይክሮግራም ነው። ሁለት ጊዜ ቢስቡ 200 ማይክሮግራም ወሰዱ ማለት ስለሆነ ክኒኑ የዚህን 20 እጥፍ ነው። በፓፍ የሚወሰደው በቀጥታ ወደ መተንፈሻ ቱቦ ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሠራ፣ ክኒኑ በጨጓራ በኩል ወደ ደም ገብቶ መላ ሰውነትን ስለሚያዳርስ ሥራውን ለመጀመር ይዘገያል፤ በጉዞው ላይም ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ፓፉን ለመቆጠብ ብለው የገቡበት ነገር የሌሊት ዕረፍትዎን እያስከፈለዎት ነው። ፕሬድኒሶሎንም ከስቴሮይድ (የመተንፈሻ ቱቦን ቁጣ ከሚያበርዱ መድኃኒቶች) ወገን ስለሆነ ማታ ሲወሰድ ብዙ ሰዎችን አያስተኛም፤ ለዚህም ነው አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከቁርስ ጋር እንዲወሰድ የሚታዘዘው። እርስዎ ሁለቱንም በአንድ ሰዓት፣ ያውም ሊተኙ ሲሉ ይወስዳሉ። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና ካለ (አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሣ ሰው ደግሞ ብዙ አላየሁም) ካፌይኑ ግማሽ ያህሉ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ ማወቅ ይበጃል።

ስለ ፆሙ ያነሡት ጉዳይ በፋርማሲ መስኮት ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን ነው፤ ሰዎች ግን ለባለሙያው ሳይናገሩ መድኃኒቱን በራሳቸው ወደ ማታ ያሸጋግሩታል። የታመመ ሰው ከፆም እንዲያርፍ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ትፈቅዳለች፤ ስለዚህ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ፕሬድኒሶሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ለጥቂት ቀናት ስለሆነ በእነዚያ ቀናት ጠዋት ጥቂት ቀምሶ መውሰድ የሚያስቸግር ነገር አይሆንም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልመለስ፤ ክብደት ያለው እርሱ ነውና። በማንኛውም ሰው ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ሌሊት በመጠኑ ይጠባል፤ በተለይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ጥበቱ ከፍተኛ ነው። በዚያ ሰዓት ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ዝቅ ያለ ነው፣ አክታም በተኛንበት ይጠራቀማል፤ ከፍራሽና ከብርድ ልብስ የሚነሣው ብናኝም ለሰዓታት አፍንጫችን ሥር ነው። ጤነኛው ሰው አይሰማውም፤ ቱቦው አስቀድሞ የተቆጣበት የአስም ሕመምተኛ ግን ይነቃል። ሐኪሞች ባለፉት አራት ሳምንታት አስሙ ከእንቅልፍ ቀስቅሶዎት እንደሆነ፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ቀን ቀን ሕመም ይሰማዎት እንደሆነ፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ማስታገሻ ፓፍ ያስፈልግዎት እንደሆነና ሥራዎ ተስተጓጉሎ እንደሆነ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ከእነዚህ ለሦስቱ ወይም ለአራቱ «አዎ» ያለ ሰው አስሙ ከቁጥጥር ውጪ ነው።

ሰማያዊው ፓፍ የጠበበውን ቱቦ ለጊዜው ያስፋፋል እንጂ ቁጣውን አያበርድም። ቁጣውን የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳበው የስቴሮይድ ፓፍ ነው፤ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን፣ ወይም ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል በአንድ ላይ ያሉበት። ጂና በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ባለሙያዎች ስብስብ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎች አስማቸውን በሳልቡታሞል ብቻ እንዲያክሙ አይመክርም። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ፓፍ የሚጨርስ ሰው ለከባድ የአስም ጥቃት ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል፤ በየወሩ አንድ የሚጨርስ ከሆነ ደግሞ የሞት አደጋው ራሱ ከፍ ይላል። እርስዎ «ቶሎ ያልቅብኛል» ያሉት ፓፍ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከብዙ ምርመራ በፊት ያ ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል።

በከተማችን «ፓፍ ሱስ ያስይዛል»፣ «ፓፍ የመጨረሻ መድኃኒት ነው» የሚል ወሬ ሥር ሰድዶ ይገኛል። ሰዎች ስቴሮይድ ፓፉን ፈርተው በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ሲውጡ ማየት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የፓፉ መጠን በማይክሮግራም፣ የክኒኑ ግን በሚሊግራም የሚለካ ነው። የደም ስኳርንና ግፊትን የሚጨምረው፣ አጥንትን የሚያሳሳው በተደጋጋሚ የሚዋጠው ክኒን ነው። ፕሬድኒሶሎንን ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በድንገት ማቆምም የለበትም።

ፓፉ ቶሎ የሚያልቅብዎት አሳሳብዎ ስለተሳሳተም ሊሆን ይችላል። ፓፉን ይነቅንቁት፤ አየር ወደ ውጭ በደንብ ይተንፍሱ፤ አፉን በከንፈርዎ ገጥመው በዝግታ መሳብ ሲጀምሩ አንዴ ብቻ ይጫኑ፤ መሳቡን እስከ መጨረሻ ይቀጥሉና ትንፋሽዎን እስከ 10 ሰከንድ ይያዙ። ሁለተኛውን ለመሳብ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ፓፉ ስቴሮይድ ከሆነ፣ ከሳቡ በኋላ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለዚያ አፍና ጉሮሮ ላይ ነጭ ሻጋታ መሰል ነገር ያወጣል። መጫኑና መሳቡ አልገጥም ያለው ሰው ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገጠም ባዶ ዕቃ) ቢጠቀም መድኃኒቱ በምላሱ ላይ ከመቅረት ይልቅ ወደ ሳንባው ይደርሳል። ስፔሰር ካልተገኘ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ታችኛውን ክፍል በፓፉ አፍ ልክ ቀድዶ፣ ፓፉን እዚያ ገጥሞ በሃይላንዱ አፍ በኩል መሳብ ይቻላል፤ በደቡብ አፍሪካ በአስም በታመሙ ሕፃናት ላይ በተደረገና በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ይህ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር ያላነሰ ሠርቷል። በሳሙና ውሃ አጥበው ሳይወለውሉ በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። ፓፉ ማለቁን ለማወቅ ውሃ ውስጥ አስገብተው እንዲንሳፈፍ የሚሞክሩ አሉ፤ ውጤቱ የማያስተማምን ከመሆኑም በላይ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከዚያ ይልቅ በላዩ የተጻፈውን ብዛት (ብዙ ጊዜ 200 ነው) በየቀኑ ለሚስቡት ቁጥር አካፍለው የሚያልቅበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ይጻፉ።

ወደ አፍንጫዎ ስንመጣ፣ ጠዋት ራስዎን የሚያከብደው እንቅልፍ ማጣቱ ብቻ ሳይሆን ክሎርፌኒራሚኑም ነው፤ ይህ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ሎራታዲን ወይም ሴትሪዚን በቀን አንዴ የሚወሰዱና ድብታቸው ያነሰ አማራጮች ናቸው። አፍንጫው በየቀኑ የሚያስቸግር ከሆነ ግን በአፍንጫ የሚረጭ ስቴሮይድ ይበልጣል፤ ጥቅሙ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው አይጣሉት። የአፍንጫ አለርጂ ሲታከም አስሙም ይረጋጋል።

የአዳማን ነፋስ ማስቆም አይቻልም፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ በከተማዋ ዙሪያ የተተከሉትም ስለሚበረታ ነው። ሆኖም ነፋሱ በሚበረታበት ሰዓት የመኝታ ቤቱን መስኮት መዝጋት፣ ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ ይቻላል። በጓሮና በመንገድ ዳር የሚበቅለው ነጭ አበባ ያለው ቅንጨ አረም ለብዙዎች የአለርጂ ምክንያት ስለሆነ ሳያብብ፣ በጓንትና በአፍንጫ መሸፈኛ፣ ሌላ ሰው ይንቀልልዎ። ዕጣኑና የከሰሉ ጭስ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ ለትንኝ ፍሊት ከመንፋትም አጎበር ይሻላል።

ያሉዎትን መድኃኒቶች፣ ጎረቤት የሰጠችዎ ካለ እርሱንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል አድርገው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ እያንዳንዱን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱም በወረቀት ይጻፉ። የሳልቡታሞል ክኒኑን መተው እንደሚችሉና የስቴሮይድ ፓፍ እንዲታዘዝልዎ በግልጽ ይጠይቁ። እስከዚያው ግን ሰማያዊው ፓፍ ከእጅዎ አይለይ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካቃተዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ፣ ወይም ፓፉ ካላስታገሰዎት ሌሊትም ቢሆን እየሳቡ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ሹፌር ነኝ። አቧራው አፍንጫዬን ስለሚደፍነው የአፍንጫ ጠብታ ለወራት ስጠቀም ቆይቻለሁ፤ አሁን ያለ ጠብታው መተኛት አልችልም። ቀን ደግሞ ክሎርፌኒራሚን እወስዳለሁ።

መልስ፦ ጠብታው ዛይሎሜታዞሊን ወይም መሰሉ ከሆነ ከአምስት ቀን በላይ ሲወሰድ አፍንጫውን መልሶ የሚደፍነው ራሱ ነው። በአንድ ቀዳዳ አስቀድመው ያቁሙ፤ ያ ሲከፈት ሁለተኛውን ያስከትሉ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ በባለሙያ ምክር የስቴሮይድ የአፍንጫ መርጫ ይጀምሩ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟምተውም አፍንጫዎን ይታጠቡ። ክሎርፌኒራሚን ወስደው ግን መሪ አይያዙ። ተሳፋሪዎችዎም ሆኑ እግረኛው የእርስዎን ድብታ አያውቁም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አስም አለበት። ለማይግሬን ራስ ምታት ፕሮፕራኖሎል ከታዘዘለት ወዲህ ሌሊት ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለ አስሙ የጠየቀው የለም፤ እርሱም አልተናገረም።

መልስ፦ ፕሮፕራኖሎል የመተንፈሻ ቱቦን ሊያጠብ የሚችል፣ ይባስ ብሎም የሳልቡታሞልን ሥራ የሚያከሽፍ መድኃኒት ስለሆነ ለአስም ሕመምተኛ አይሰጥም። ለዓይን ግፊት የሚታዘዘው የቲሞሎል ጠብታም እንዲሁ ነው። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመው ልብን ሊያስቸግር ስለሚችል በራሳችሁ ከመወሰን ይልቅ ነገውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ትንፋሹ ዛሬ ማታ ከባሰበት ግን ነገን አትጠብቁ። ለራስ ምታቱም ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አስማቸውን የሚቀሰቅስባቸው አዋቂዎች ስላሉ እስከዚያው ፓራሲታሞል ይሻለዋል። ሐኪሙ ዘንድ ሲገባ የፕሮፕራኖሎሉን ማሸጊያና ፓፉን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ።