ያለፈው ዋጋ ለአጭር ጊዜ የአክሲዮን ንግድ ይመራል? ጥያቄና መልስ

ፒያሳ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የአክሲዮን ክበብ አባላት ይጠይቃሉ፤ መልሱ የጋሼ ነው። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኒውዮርክ ገበያ በወር መጨረሻ ይወጣል ይባላል። እንዴት ልፈትሸው?

መልስ፦ የሚባለው ከወሩ የመጨረሻ የንግድ ቀን እስከ ቀጣዩ ወር ሦስተኛ የንግድ ቀን ስላሉት አራት ቀናት ነው። አጥኚዎች በ1988 የዳው ጆንስን፣ ማለትም የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ፣ የ90 ዓመት መዝገብ ሲፈትሹ ትርፉ እዚያ ላይ ተከማችቶ አግኝተዋል። በሌላ ሰው ውጤት ግን ገንዘብ አይወጣም፤ ራስህ ቁጠር። ኤክሴል ላይ በአንድ ዓምድ ቀኑን፣ በሌላው የተስተካከለውን መዝጊያ ዋጋ አስገባ፤ ይኸውም የአክሲዮን ክፍፍልና የትርፍ ድርሻ ታስቦ የታረመው የዕለቱ የመጨረሻ ዋጋ ነው። ያልተስተካከለውን ከወሰድክ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ኤንቪዲያ በጁን 2024 አንዱን አክሲዮን ለ10 ሲከፍል ዋጋው ከ1,200 ዶላር ገደማ ወደ 120 ገደማ ወርዷል። ማንም አልከሰረም፤ ሠንጠረዥህ ግን 90 በመቶ ኪሳራ ይጽፋል።

ከዚያ የንግድ ቀን ብቻ ቁጠር፤ ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል አይገቡም። ከመጨረሻው የንግድ ቀን በፊት ያለው መዝጊያ መግዣህ፣ የሦስተኛው ቀን መዝጊያ መሸጫህ ይሁን። አማካዩ ብቻውን ያታልላል፤ ሜዲያኑን (ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን)፣ ያተረፉትን ወራት ብዛትና ከሁሉ የከፋውን ወር ጎን ለጎን ጻፍ። መዝገቡን ለሁለት ክፈልና ደንቡን፣ ማለትም መቼ ገዝተህ መቼ እንደምትሸጥ፣ በፊተኛው ግማሽ አውጣ፣ በኋለኛው ፈትን። ኋለኛውን አይተህ ደንቡን ከነካካህ ፈተናው ተበላሸ። መጨረሻ ላይ ወጪውን ከውጤቱ ላይ ቀንስ።

ጥያቄ፦ ወጪው ኢምንት አይደል?

መልስ፦ ደላላው ሲገዛልህ 0.5፣ ሲሸጥልህ 0.5 በመቶ ቢወስድ፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ደግሞ 1 በመቶ ቢኖር፣ 2 በመቶ ሄደ። ፓተርኑ (ተደጋጋሚው የዋጋ አካሄድ) በአማካይ 0.6 በመቶ ከሰጠህ በእያንዳንዱ ዙር 1.4 ትከስራለህ።

ጥያቄ፦ በ20 ዓመት ውስጥ 14 ጊዜ የወጣ ወር አግኝቻለሁ። ልግባበት?

መልስ፦ ስንት ወር ፈትሸሽ?

— አሥራ ሁለቱንም።

መልስ፦ ሳንቲም 20 ጊዜ ቢወረወር 14 ወይም ከዚያ በላይ አንበሳ የመምጣቱ ዕድል 5.8 በመቶ ገደማ ነው። አሥራ ሁለት ወር ስትሞክሪ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ እንዲህ የመውጣቱ ዕድል 51 በመቶ ይደርሳል። ገበያው በረጅም ጊዜ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ዕድሉ ከዚህም ይሰፋል። አትግቢ።

ጥያቄ፦ ወርቅና ፎሬክስ ላይስ ይሠራል?

መልስ፦ የእኔ ሙያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዶላር ከአገር እንዴት ይወጣል?

መልስ፦ ባንክህን ጠይቅ። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ የእኛው ገበያስ? ለእንቁጣጣሽ የትምህርት ቤት ክፍያ ስለሚመጣ ሰው አክሲዮን ይሸጣል፤ ነሐሴ ላይ መግዛት ነው።

ሌላ አባል፦ ባንኮች ሒሳብ የሚዘጉት ጁን 30 ነው። የትርፍ ድርሻ እየጠበቀ ማን ይሸጣል?

— ዩኒፎርምና ደብተር የትርፍ ድርሻ እስኪከፈል ይጠብቃሉ እንዴ?

— የሚቸኩለው እኮ ቀድሞ ሸጧል!

መልስ፦ ሁለታችሁም ግምት ነው የያዛችሁት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ጃንዋሪ 10፣ 2025፣ በእኛ ጥር 2 ቀን 2017 ነው። በዓመት የሚመጣው አንድ መስከረም ነው፤ 20 መስከረም ለመቁጠር 20 ዓመት ያስፈልጋል። መዝገብ ከአሁኑ ያዙ፤ ግብይት ያልተደረገበትን ቀን ግን አውጡት፤ የትናንቱ ዋጋ ተደግሞ ሲጻፍ የዛሬ ዋጋ አይሆንም። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም። መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ስለሆነ ሁለቱንም ቀን ለየብቻ ዓምድ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ስንት ልግዛ?

መልስ፦ 100,000 ብር ካለህ በአንድ ግብይት ከ1,000 በላይ አትክሰር። ዋጋው 800፣ ማቆሚያህ (ሲወርድ ሸጠህ የምትወጣበት ዋጋ) 760 ከሆነ ልዩነቱ 40 ብር ነው፤ 1,000 ለ40 ሲካፈል 25 አክሲዮን፣ ማለትም 20,000 ብር። ገበያው ከ760 በታች ከተከፈተ ግን ማቆሚያው አይደርስልህም። ኦክቶበር 19፣ 1987 ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወድቋል።

ጥያቄ፦ ኒውዮርክ በእኛ ስንት ሰዓት ይከፈታል?

መልስ፦ ከማርች ሁለተኛ እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ 10:30፣ ቀሪውን ጊዜ 11:30።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባጭሩ የትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ የምን አክሲዮን? ለስንት ቀን? በምን ወጪ? ይህን ሳትነግረኝ አልመልስም። ሠንጠረዡን ሠርተህ፣ ወጪ ቀንሰህ ና።

ጥያቄ፦ የተስተካከለ መዝጊያ የሚል ዓምድ ባላገኝስ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። አንዱ ለ10 ከተከፈለ፣ ከክፍፍሉ ቀን በፊት ያሉትን ዋጋዎች ሁሉ ለ10 አካፍይ፣ የተሸጠውን ብዛት በ10 አባዢ። የትርፍ ድርሻ ሲሆን ደግሞ መብቱ ከሚቋረጥበት ቀን፣ ማለትም አዲስ ገዢ ድርሻውን ከማያገኝበት የመጀመሪያ ቀን፣ በፊት ያለውን መዝጊያ ያዢ። 500 ከሆነና ድርሻው 10 ከሆነ፣ ከዚያ ቀን በፊት ያሉትን ዋጋዎች በ0.98 አባዢ።