ወሩ ሲያልቅ ልቀቂ ተባልኩ
የአንባብያን ጥያቄና የጠበቃው መልስ

በዚህ እትም የምመልሳቸው ደብዳቤዎች ሦስቱም ከከተማዋ ዳርቻ የመጡ ናቸው። ቢሮዬ አቃቂ ቃሊቲ ስለሆነ በወር መጨረሻ ዕቃ የጫኑ አይሱዙዎች በበሬ ሲያልፉ አያለሁ። ፍራሹ ላይ ልጆች ተቀምጠው የሚሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው። ከእነዚያ ቤተሰቦች ስንቱ በሕግ ሳይገደድ በስልክ ጥሪ ብቻ ቤቱን እንደለቀቀ ሳስብ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ነው። ሁለቱ ልጆቼ እዚያው ሰፈር ይማራሉ፤ እኔ ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ውላችን ወረዳ የተመዘገበ የሁለት ዓመት ውል ነው፤ ገና ዓመት አልሞላውም። በወር 8,500 ብር በባንክ እከፍላለሁ። ባለፈው ሳምንት አከራዬ ማታ ደውለው ‹ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 13,000 አድርጊው፣ የስድስት ወሩንም አንድ ላይ አስገቢ፤ ካልሆነ ልጄ ከዐረብ አገር ስለምትመጣ ወሩ ሲያልቅ ልቀቂ› አሉኝ። በማግስቱ ደላላ ሰው ይዞ ቤቱን ሊያሳይ መጣ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ በዓመት በዓል እንጠያየቃለን። መካሰስ አልፈልግም። ልውጣ ወይስ ልቆይ?»

እህቴ፣ አትውጪ። በስልክ የተነገረሽ ቃል ከቤትሽ አያስወጣሽም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የተጠየቅሽውን ሁሉ ይመልሳል። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ አይደረግም። አንቺ ገና ዓመት አልሞላሽም፤ ቤቱ በውሉ ዘመን ያንቺ መኖሪያ ነው። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ መጠኑም ተቆጣጣሪው አካል፣ ማለትም የቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ይፋ ከሚያደርገው ሊያልፍ አይችልም። ከ8,500 ወደ 13,000 ማለት ከግማሽ በላይ ጭማሪ ነው፤ ያውም ማታ ስልክ ተደውሎ። ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የስድስት ወር አምጪ የሚልሽ ሰው ሕጉ የማይፈቅድለትን ነው የሚጠይቅሽ።

ልጃቸው ትምጣ፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ልጅ ሊገባበት የታሰበን ቤት ደላላ ለሌላ ሰው አያሳይም። ያ ደላላ የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ አብሮት የነበረውንም ሰው ሁኔታ ዛሬውኑ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ጎረቤት አይቶ እንደሆነ የእሱንም ስም ያዢ። ቤቱ የተፈለገው ለልጅ ነው ወይስ ለሚበልጥ ዋጋ የሚለው ጥያቄ ወረዳ ወይም ፍርድ ቤት ሲነሳ፣ ያቺ ማስታወሻ ከብዙ ንግግር ትበልጣለች። ሰውም አስከትሎ ቢመጣ በር የመክፈት ግዴታ የለብሽም፤ «አከራዩ ራሳቸው ቀጠሮ ይያዙና ይምጡ» ብለሽ በትሕትና መልሺው።

አሁን ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። ጠብ አይደለም፤ የተባልሽውን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ጭምር ነው። እንዲህ በዪ፦

«ቀን ………። ለአቶ ………። ጉዳዩ፦ የኪራይ ውላችንን ይመለከታል። በዚህ ቀን በስልክ ኪራዩን ወደ 13,000 ብር እንዳሳድግ፣ የስድስት ወር በቅድሚያ እንድከፍል፣ ካልሆነ በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንድለቅ ነግረውኛል። በወረዳው የተመዘገበው ውላችን የሁለት ዓመት ሲሆን ዘመኑ አላበቃም። ኪራዬን በውሉ መሠረት በየወሩ እየከፈልኩ እቀጥላለሁ። ተቆጣጣሪው አካል የሚፈቅደው ጭማሪ ሲኖር ለመክፈል ዝግጁ ነኝ። ከሠላምታ ጋር።»

በሁለት ቅጂ አድርጊው። አንዱን ስትሰጫቸው ባንቺ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ይፈርሙልሽ። አልፈርምም ካሉ፣ አብሮሽ የሄደ ሰው መስጠትሽን ማየቱን ጽፎ ይፈርም። ፎቶውን በቴሌግራም ላኪላቸው፤ መልእክቱንም አታጥፊው። ከዚያ ውልሽን፣ የባንክ ደረሰኞችሽንና ይህን ደብዳቤ ይዘሽ ውሉ ወደተመዘገበበት የወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሂጂ። አቤቱታሽን በቃል ብቻ ነግረሽ አትመለሺ። በጽሑፍ አድርገሽ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ፤ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በቅጂሽ ላይ አስጽፊ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ቢሉሽም መዝገብ ቤቱ ክፍት ነው።

የወሩን 8,500 ብር ደግሞ በቀኑ፣ በዚያው ሒሳብ ቁጥር አስገቢ። ይህን የምለው ብዙ ተከራይ «ሊያስወጣኝ ነው፤ ለምን እከፍለዋለሁ?» ብሎ ኪራዩን ሲይዝ ስላየሁ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ እውነቱ የተከራዩ ነበር። ኪራይ አለመክፈል ግን አዋጁ ራሱ ውል ለማቋረጥ የሚያበቃ ምክንያት አድርጎ ያስቀመጠው ነው። ገንዘቡን በያዝሽ ማግስት ጉዳዩ ስለ ጭማሪ መሆኑ ይቀርና ስላልተከፈለ ኪራይ ይሆናል። ስታስገቢ በምክንያቱ ቦታ ላይ «የዚህ ወር የቤት ኪራይ» ብለሽ የወሩን ስም ጻፊ። ተጨማሪ በእጅ ስጪኝ ቢሉሽ አትስጪ፤ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ሕጉ ያዝዛል።

ሌላም አለ። «በፈቃዴ ለመልቀቅ ተስማምቻለሁ» የምትል ወረቀት ልትመጣልሽ ትችላለች፤ «ለፎርማሊቲ ነው» ይሉሻል። እንዳትፈርሚ። ቢሮዬ ከሚመጡት ሰዎች ልረዳቸው የሚቸግረኝ ይህችን ፈርመው፣ ቁልፉን አስረክበው፣ ዕቃቸውን ዘመድ ቤት ከምረው የሚመጡት ናቸው። ከውስጥ ሆኖ መከራከርና ከውጭ ሆኖ መልሱኝ ማለት አንድ አይደለም። መብራት ቢቆረጥብሽ፣ ውኃ ቢዘጋብሽ፣ ወይም በሌለሽበት ቁልፍ ቢቀየር ፎቶ አንሺና በዚያው ቀን ለወረዳውም ለፖሊስም አመልክቺ። ተከራይን አስገድዶ ማስወጣት የሚቻለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ የአከራይ ጉልበት ትእዛዝ አይደለም።

መካሰስ አልፈልግም ማለትሽ ያስከብርሻል። ሽማግሌ ላኪ፤ እኔም ብዙ ጉዳይ በሽምግልና ሲያልቅ አይቻለሁ። ግን ደብዳቤው ከተሰጠና አቤቱታው ገቢ ከሆነ በኋላ ይሁን። ሽማግሌዎቹ የሚስማሙበትም ሕጉ ከሚፈቅደው ጭማሪ እንዳይበልጥ፣ በጽሑፍም እንዲሰፍር። በበዓል ስለምትጠያየቁ ይሉኝታ ይይዝሽ ይሆናል። ይገባኛል። ለልጆችሽ ግን በዓመት መካከል ትምህርት ቤት መቀየር ከአንድ ሰው ኩርፊያ ይከብዳቸዋል።

ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። ወረቀቶችሽን በቀን ቅደም ተከተል አስተካክለሽ ሂጂ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በለገጣፎ በኩል ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቻለሁ። የጽሑፍ ውል የለንም፤ በየወሩ 4,000 ብር በእጄ እሰጣለሁ። እንመዝገብ ስላቸው አከራዬ ‹ግብር ያስከፍሉኛል፤ ከፈለግህ 2,000 ብለን እናስመዝግብ፣ ቀሪውን በእጅ ትሰጠኛለህ› አሉኝ። ጓደኞቼ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው ይሉኛል። ልስማማ?»

አትስማማ ወንድሜ። ግብሩ የእሳቸው ነው፤ የኪራይ ገቢ ግብር በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሰንጠረዥ «ለ» መሠረት አከራዩ ላይ ያረፈ ግዴታ ነው። አንተ ስትፈርም ግን ሐሰት ለመሆኑ የምታውቀውን ቁጥር በመንግሥት መዝገብ ላይ ታሰፍራለህ። ጥፋቱ የጋራ ይሆናል። በእጅህ የምትሰጠው 2,000 ብር ደግሞ በየወሩ ማስረጃ ሳይኖረው የሚሄድ ገንዘብ ነው። ነገ በሌላ ነገር ብትጣሉ፣ የከፈልከውን አልከፈልክም ብትባል፣ ምን ታሳያለህ? ሁለታችሁም የራሳችሁን እውነት መናገር የማትችሉበት ውል ይሆናል።

ውል ማስመዝገብ የሁለታችሁም ግዴታ መሆኑን ንገራቸው፤ አለማስመዝገብም እንደሚያስቀጣ ጨምርላቸው። እስኪስማሙ ድረስ አንተ የራስህን ማስረጃ መሰብሰብ ጀምር። ከዚህ ወር ጀምረህ ሙሉውን 4,000 ብር በቴሌብር ወይም በባንክ ላክ። «ጋሼ፣ የዚህን ወር ኪራይ 4,000 ብር ልኬያለሁ፤ ደርሶዎታል?» የምትል አጭር መልእክት አስከትል። «ደርሶኛል» ብለው ከመለሱልህ ተከራይ መሆንህና ኪራዩ ስንት እንደሆነ በራሳቸው ቃል ተጻፈ ማለት ነው።

በእናንተ አካባቢ ሰው የሚሳሳተው የት ላመልክት በሚለው ላይ ነው። ለገጣፎ በሸገር ከተማ፣ በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው። የካ አባዶ ደግሞ በአዲስ አበባ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ። በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የአስተዳደሩ ድንበር ግን በመካከል ያልፋል። አዋጁ የፌዴራል ነው፤ የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው ግን ቤቱ ያለበት አስተዳደር ነው። አንተ የምትሠራው ወይም መታወቂያ ያወጣኸው አዲስ አበባ ቢሆንም፣ ለገጣፎ ያለን ቤት ውል የአዲስ አበባ ወረዳ አይመዘግብልህም። የጎረቤትህ የውኃና የመብራት ደረሰኝ ላይ የትኛው ከተማና ወረዳ እንደተጻፈ ተመልከት፤ ከዚያ ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ሄደህ ለኪራይ ውል ምን ሰነድ እንደሚጠይቁ አስቀድመህ ጠይቅ። አከራዩ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አላቸው ወይ የሚለውንም አሁኑኑ እወቅ። ቤቱ የእህታቸው ወይም ውጭ ያለ ሰው ከሆነ፣ ለማከራየት የሚያስችል የተረጋገጠ ውክልና ያሳዩህ፤ ያለዚያ ባለቤቱ ከውጭ ሲመለስ የሚያውቅህ የለም።

«ልጄ፣ እኔ አከራይ ነኝ፤ ሃና ማርያም ነው ቤቴ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምተዳደረው በሁለት ክፍል ኪራይ ነው። አንዱ ተከራይ ሦስት ወር አልከፈለኝም። ስጠይቀው ‹ሕጉ ለእኛ ነው የወጣው› ይለኛል። ቁልፉን ልቀይር አስቤአለሁ።»

እናቴ፣ ቁልፉን አይቀይሩ። ተከራዩ የተናገረው ስሕተት ነው፤ ሕጉ ኪራይ ሳይከፍሉ ለመኖር አልወጣም። ያልተከፈለው ኪራይ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ይሆንዎታል፤ እውነቱ የእርስዎ ነው። በር ከዘጉበት ግን እሱ ከሳሽ፣ እርስዎ ተከሳሽ ሆነው ፖሊስ ጣቢያ ይገናኛሉ፤ የሦስት ወሩም ዕዳ ይረሳል። ልጅዎ ወይም ጎረቤትዎ የትኞቹ ወሮች፣ ስንት ብር እንዳልተከፈሉ የሚዘረዝር ማስጠንቀቂያ ይጻፍልዎት። እርስዎ ፈርመውበት ምስክር ባለበት ይስጡት። ቅጂውንና ውሉን ይዘው ወረዳ ያመልክቱ፤ ካልከፈለም ዕዳው እንዲከፈልዎትና ቤቱን እንዲያስረክብ ፍርድ ቤት ይክሰሱ።

ሁለተኛው ክፍልዎ ውስጥ ያሉት በሰዓቱ የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ፣ የእነሱ ውል ተመዝግቦ እንደሆነ ይዩ። ካልተመዘገበ በዚያው ወረዳ በሄዱበት ቀን አብረዋቸው ይሂዱና ያስመዝግቡ።