ዓሣ ጠዋት ነው፦ ስለ ሐዋሳና አካባቢዋ ለጠየቃችሁኝ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የሐዋሳ ጥያቄ ይበዛብኛል። ተወልጄ ያደግኩት እዚያ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ እንደ ዘመድ ነው የምትጠይቁኝ። ደስ ይለኛል። ከደረሱኝ ውስጥ አምስቱን መርጬ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ከባለቤቴ፣ ከ2 ልጆቼና ከእናቴ ጋር ለ3 ቀን ሐዋሳ ልንሄድ ነው። ልጆቹ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። ሁሉም ሰው "አሞራ ገደል ሳትሄዱ እንዳትመለሱ" ይለናል። ለልጆች ይሆናል? ደግሞ እናቴ ጾመኛ ናት፤ ረቡዕ ነው የምንደርሰው። (የልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ለልጆች ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ግን በጠዋት! ሰው ተኝቶ አርፍዶ፣ የሆቴሉን ቁርስ ጨርሶ፣ 5 ሰዓት ላይ ይደርስና "ይሄ ነው እንዴ?" ይላል። አዎ፣ በዚያ ሰዓት ይሄው ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን አመሻሽ ላይ ጥለው ጠዋት ነው የሚያወጡት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ሁኑ። ልጆቹን ፒጃማቸው ላይ ሹራብ ደርባችሁም ቢሆን ይዛችኋቸው ውጡ።

ጀልባዎቹ ሲጠጉ መረቡ ዓሣው እንደተጠለፈበት ይወርዳል። አብዛኛው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። አልፎ አልፎ ጺማም አምባዛ ይገኝበታል። ከዚያ ቢላዋ የያዙት ልጆች ይረከቡታል። አንዱን መርጣችሁ ቆማችሁ እዩ። በግራ እጁ ዓሣውን ጣውላ ላይ ተጭኖ፣ ከጉንጩ ኋላ አንዴ ይቀድና ቢላዋውን አከርካሪውን አስታክኮ እስከ ጭራ ይነዳዋል። ገልበጥ፣ በዚያኛውም በኩል እንዲሁ። ሥጋው ለብቻ፣ አጥንቱ ለብቻ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሩብ ሰዓት የሚፈጅብኝን እሱ ከጎኑ ካለው ጋር እያወራ ነው የሚጨርሰው።

አጥንቱና ሆድ ዕቃው ሲጣል ነው እንግዲህ የልጆችሽ ቲያትር የሚጀምረው። አባ ኮዳዎቹ ይመጣሉ። መላጣ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ የሚመስሉ፣ አንገታቸው ላይ ኮሮጆ ያንጠለጠሉ ትልልቅ ወፎች። (ስማቸውንም ከዚያች ከረጢት ያገኙት ይመስለኛል።) ቁመታቸው እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ትንሹን ልጅሽን ይበልጡታል ማለት ነው። አይነኩም፤ ነገር ግን ልጁ እጁ ላይ ዓሣ ይዞ እንዳይቆም። የሚያሳስቡኝስ ጦጣዎቹ ናቸው። ሙዝ፣ ብስኩት፣ የተከፈተ ቦርሳ፣ ምንም አይቀራቸውም። ዛፉ ላይ ጥቁርና ነጭ ረጅም ጭራ ካያችሁ ግን ጉሬዛ ነው። እሱ ጨዋ ነው፤ ቅጠሉን ይበላል፣ ቁልቁል ያያችኋል፣ በቃ።

የእናትሽን ነገር በተመለከተ፦ ዓሣ ጾም ያስፈታል አያስፈታም የሚለው ክርክር ሐይቁ ዳር ላለነውም አልተቋጨም። የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከሐይቁ አጠገብ ኖራ ረቡዕና ዓርብ ዓሣ ቤቷ አይገባም ነበር። "እዚህ ድረስ መጥተሽ?" ብለሽ አትነዝንዣት። በያይነቱ በየቦታው አለ። ሐሙስ ጠዋት ይዘሻት ሂጂ፤ ቁርሷን እዚያው ዓሣ ሾርባ ትጠጣለች።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጓደኞቼ ሐዋሳ ሄጄ ጥሬ ዓሣ ካልበላሁ ሐዋሳን አላየሃትም ይሉኛል። እውነት ነው? ካልሆነስ ምን ልዘዝ? ሁልጊዜ ጉላሽ ነው የማዘው። (የ24 ዓመት ወጣት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እኔም በአንተ ዕድሜ በልቼዋለሁ። በአዋዜ ነክሬ፣ ሎሚ ጨምቄ፣ ሴቶች እያዩኝ። ዛሬ ግን ልጄ ቢጠይቀኝ አይሆንም ነው የምለው። የሐይቅ ዓሣ ውስጥ ጥገኛ ትላትል ሊኖር ይችላል፤ ሎሚና ሚጥሚጣ አይገድሉትም። የሚገድለው እሳት ነው። ጓደኞችህ "እኛ ምንም አልሆንንም" ይሉሃል። ይበሉ።

ጉላሽ መጥፎ አይደለም፤ ጉላሽ ግን አዳማም አለ። ሐዋሳ ድረስ ሄደህ ሙሉ ጥብስ እዘዝ። ቆሮሶው ሳይከፈል፣ ከነጭንቅላቱ፣ ሁለቱም ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ይገባል። የመተልተሉ ጥቅም ሁለት ነው። ሙቀቱ እስከ አጥንቱ ይገባል፤ አንተም ስትበላ ያቺን የተተለተለች ጫፍ በሁለት ጣትህ ይዘህ ሳብ ስታደርጋት ከአጥንቱ ተላቃ ትመጣለች። ሹካ አትጠይቅ። ዳቦና ዳጣ (የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ) ይቀርብልሃል። ዳጣው አረንጓዴ ከሆነ ቀስ በል፤ እኔን አንዴ አስለቅሶኛል።

ሲበሉ ከጀርባው ጀምር። የሆዱ በኩል ቀጫጭን አጥንት ስላለው ለመጨረሻ ይቆይ። ጉንጩ ላይ ያለችውን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሥጋ ግን ለማንም እንዳትሰጥ። እኛ ቤት ለአባቴ ብቻ ነበረች።

ከጥብሱ ሌላ ለብለብ አለ፤ ሥጋው ተከትፎ በሽንኩርትና በቃሪያ ሞቅ ይደረጋል። ከጥሬው ጋር ልብህ ከተሰቀለ በደንብ ይብሰልልኝ ብለህ እሱን እዘዝ። ዱለትም አለ። ኮተሌት ለሚፈራ ሰው ነው፤ አጥንት የለውም፣ ጣዕሙም የዱቄቱ ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። ማታ 2 ሰዓት ላይ "ትኩስ ዓሣ" ሲሉህ ትኩስ የሆነው ዘይቱ ነው። ዓሣው ጠዋት ወጥቷል። ፍሪጅ ውስጥ በደንብ ከዋለ ክፋት የለውም፤ ግን የጠዋቱንና የማታውን አንዴ አስተያይተህ ከበላህ በኋላ ማታ ዓሣ አታዝም።

ጥያቄ፦ ሰላም። ከእጮኛዬ ጋር ለ2 ቀን ዕረፍት ልንወጣ ነው። እኔ ሐዋሳ፣ እሱ ላንጋኖ ይላል። መዋኘት እንወዳለን። ማን ትክክል ነው? (ሠርግ ያላረፈባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሠርጉ እስኪደርስ ድረስ አንቺ ትክክል ነሽ ብል ደስ ይለኝ ነበር። መዋኘት ከሆነ ጉዳዩ ግን እሱ ነው ትክክል። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎ የሚዋኝበት ሐይቅ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለው። የሰፈር ልጆች ዘለው ሲገቡ ታያለሽ፤ እኔም ገብቻለሁ። ኋላ ሆዴን አሞኝ የዋጥኩትን ክኒን እስካሁን አልረሳውም።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ብዙ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ቆሻሻ አይምሰልሽ፤ ውሃው ላይ ተንሳፎ የሚኖር ደቃቅ ደለል ነው። ጠዋት ዝም ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበል ይመታል። ምግቡ ያረፋችሁበት ሪዞርት የሚሠራው ነው፤ ወጣ ብሎ ምሳ ቤት መምረጥ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ቆንጆ እራት፣ ማኪያቶ፣ ማታ በእግር ወክ ከፈለግሽ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ነው። ስሙም ለእናንተው የወጣ ነው።

በ2 ቀን ሁለቱንም አትሞክሩ። ላንጋኖ እደሩ፣ ሁለተኛው ቀን ስትመለሱ ከዋናው መንገድ ማዶ አብያታ ሻላ ፓርክ ጎራ በሉ። በሩ አካባቢ ሰጎን አይጠፋም። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ዳሩ ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል። አጠገቡ ያለው አብያታ ግን ልብ ይሰብራል። ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ እየተወሰደ ሸሽቶ ሸሽቶ፣ ድሮ ጀልባ የሚቆምበት ቦታ ዛሬ መኪና ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጆቼ ቨርጂኒያ ነው የተወለዱት። እንጀራና ክትፎ ያውቃሉ። የሲዳማ ምግብ ግን ቀምሰው አያውቁም፤ እኔም ብሆን። ምን እናብላቸው? (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቡሪሳሜ አብላቸው። ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ከበሰለ በኋላ በደቃቁ ተፈርፍሮ በቅቤ ይታሻል። በሸክላው ሻፌታ ይቀርባል፤ ከጎኑ ወተት ወይም እርጎ ይደረጋል። ቅቤው ብዙ ነው፤ "ብዙ" ስልህ የአሜሪካ ሐኪምህ የማይሰማው ዓይነት ብዙ። ልጆቹ መጀመሪያ ሽታው ላይ ፊታቸውን ያጨማድዱ ይሆናል፤ ቆጮ ኮምጠጥ ያለ ነው። እርጎውን አስቀድምላቸው።

ሆቴሎች ውስጥ የሚሠሩት አሉ፤ ግን ሁሌ አይገኝም። ከአንድ ቀን በፊት እዘዝ። አስተናጋጁ ሲዳማ ከሆነ ደግሞ ማን ጋ ጥሩ እንደሚሠራ እሱን ጠይቅ። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ዕድለኛ የሆንኩ ቀን ቤቱ ጋብዞኛል።

ጉዟችሁን ከፊቼ ጨምበላላ ጋር ማገናኘት ከቻላችሁ አትለፉት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቡሪሳሜ በዋዜማው በየቤቱ ይሠራል። ጉዱማሌ በሚባለው የበዓሉ አደባባይ ላይ ጎልማሳው፣ ወጣቱ፣ ሴቱ በየቡድኑ እየጨፈረ ሲገባ አቧራው ራሱ ይጨፍራል። "አይዴ ጨምበላላ" የሚለውን የበዓሉን ሰላምታ ለልጆቹ አስተምራቸው፤ ያንን ካሉ ማንም ባዕድ አያደርጋቸውም። አንድ ችግር አለ፤ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል። አያንቱዎች የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ነው የሚቆርጡት። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ሐዋሳ ያለ ሰው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጉማሬ ለማየት በጀልባ መውጣት እንፈልጋለን። አደጋ የለውም? (ጡረተኛ ባልና ሚስት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አባቴ፣ በጠዋት ከወጣችሁ ደስ የሚል ሽርሽር ነው። ጉማሬዎቹ ብዙ ጊዜ ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደሚገባበት በኩል፣ ሸምበቆው አካባቢ ይገኛሉ። ጆሮና አፍንጫቸው ብቻ ነው የሚታየው። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ በሩቁ ከቆመ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። "ጠጋ ልበል?" ካላችሁ አይሆንም በሉት፤ ጉማሬ ሲናደድ መሸሻ ጊዜ ላይሰጥ ይችላል።

እኔ አንድ ጊዜ እንግዳ ይዤ 10 ሰዓት ላይ ወጣሁ። መሃል ስንደርስ ነፋሱ ተነሳ፣ ሞተሩ ጠፋ። 7 ሰው ነበርን፣ የነፍስ አድን ጃኬት ደግሞ 3። ነጂው ልጅ ገመዱን እየሳበ "ችግር የለም" ይላል፤ ፊቱ ግን ሌላ ይናገር ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ስንናጥ ቆይተን በሌላ ጀልባ ተጎተትን። እንግዳዬ ከዚያ ወዲህ ሐዋሳን ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ነው የሚያየው። እሱም አይከፋም፤ አጭር ዳገት ነው፣ ሐይቁና ከተማው አንድ ላይ ይታያሉ።

እናም የነፍስ አድን ጃኬቱን በቁጥር ቆጥራችሁ፣ ለብሳችሁ ነው የምትሳፈሩት። ዋጋውንም መሬት ላይ እያላችሁ ጨርሱ፤ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለጀልባው ብላችሁ ጠይቁ፣ ጉማሬው ጋ ይሁን ዳር ዳሩን ብቻ ይሁን ቁረጡ። ስትመለሱ 3 ሰዓት አይሆንም። ዓሣው ገና ነው።