ከቶርቶና የመጣች አንዲት ጠርሙስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር ጀልባ ነጂ ነኝ። እንግዶችን ወደ ዘጌ ገዳማት አመላልሳለሁ። ባለፈው ጥር አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ሲሰናበተኝ አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ሰጠኝ። «ይህ ዘር ሊጠፋ ነበር፤ የሚጠምቁትም ጥቂት ሰዎች ናቸው» አለኝ በአስጎብኚው በኩል። ላዩ ላይ «ደርቶና ቲሞራሶ 2018» ይላል። ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥን ላይ ቆሟል። ሚያዝያን ሙሉ ቤታችን በሙቀት ሲግል ነበር። አንዱ ጓደኛዬ «ነጭ ወይን ሲቆይ ይበላሻል፣ ይኸው ቢጫ ሆኗል፣ ድፋው» ይለኛል። ሌላው «ሽጠው» ይላል። የመጀመሪያ ልጄ በሚቀጥለው ወር ክርስትና ትነሳለች። ያኔ ልክፈተው? ከምን ጋር ይጠጣል? ደግሞስ ይህ ዘር እኛ አገር አይበቅልም?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ! ልጅቷን ያሳድግልህ።

ጠርሙሱን አትድፋው፤ አትሽጠውም። ቲሞራሶ የሚለውን የወይን ዘር ስም ከአንባቢ ደብዳቤ ላይ አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

እኔም ያወቅሁት እዚያው ባሕር ዳር ነው። 22 ዓመት በአንድ ሆቴል ምግብ አዳራሽ ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ የጠጅ ቤት ልጅ ነኝ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ጠጅ ትጥል ነበር። ጋን በከፈተች ቁጥር ትጠራኝና «አሽትቺው፣ ምን ይልሻል?» ትለኛለች። ማሩ ያነሰበትን፣ ጌሾው ያየለበትን፣ ጋኑ በደንብ ያልታጠነውን በአፍንጫዬ ነው የተማርኩት።

አንድ ማታ አንድ የቶርቶና ጣሊያናዊ እንግዳ ከአገሩ ይዞት የመጣውን የቲሞራሶ ጠርሙስ አስከፈተኝና ለእኔም ቀዳልኝ። እንደለመድኩት መጀመሪያ አሸተትኩት። ማር! የእናቴ ጋን አጠገቤ የተከፈተ ነው የመሰለኝ። ስቀምሰው ግን ጣፋጭነት የሚባል የለበትም። ጥርት ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ከአለት ሥር እንደሚወጣ ምንጭ ውኃ ድንጋይ ድንጋይ የሚል። «ስንት ማር ጨመራችሁበት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጠብታ የለበትም፤ ወይን ብቻ ነው» አለኝ። ከዚያ ብርጭቆዬን በእጁ ከልሎ «ቆይ፣ አትጨርሺው» አለ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። «አሁን ድገሚ።» ሌላ መጠጥ ሆኖ ጠበቀኝ። ማሩ አለ፤ ግን የደረቀ አበባና የበሰለ ኮክ ተከትሎት መጥቷል። ብዙ ወይን ቀድቻለሁ፤ ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ እንዲህ ሲለወጥ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

በጠጅ ቤት አነጋገር ልንገርህ። ለስላሳ አይደለም፣ መካከለኛም አይደለም፣ ደረቅ ነው። ጣፋጭ ብለህ ከጠበቅኸው ታዝንበታለህ።

ቶርቶና ሰሜን ጣሊያን፣ ፒየሞንቴ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ደርቶና የሚለው የጥንት ስሟ ነው፤ ዛሬ የወይኑ ስም ሆኗል። የብስክሌት ከተማ ልጅ ነህና ይህን ብነግርህ ደስ ይልሃል፦ ታላቁ ብስክሌተኛ ፋውስቶ ኮፒ የተወለደው እነዚሁ ኮረብቶች ላይ፣ ካስቴላኒያ በምትባል መንደር ነው። እንግዳዬ ከወይኑ እኩል ያወራልኝ ስለ እሱ ነበር።

ሽማግሌው «ሊጠፋ ነበር» ያለህ እውነቱን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ገባች። የወይኑን ማሳ አደረቀችው። ገበሬው እንደ አዲስ ሲተክል ዘር መምረጥ ነበረበት። ቲሞራሶ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። አንዱን ዓመት ያፈራል፣ ሌላውን ያስለቅሳል። ፍሬውም ሳይለቀም የመርገፍ ጠባይ አለው። ኮርቴዜ የሚባለው ሌላው ነጭ ወይን ግን ያለ ጣጣ ብዙ ይሰጣል። ስለዚህ ብዙዎቹ ኮርቴዜን ተከሉ። አልፈርድባቸውም። ቁንጮ ጤፍ የመጣ ጊዜ የገዛ አጎቴ የአያቱን ዘር ትቶ ምርት የሚሰጠውን ዘርቷል፤ የሚያበላው ቤተሰብ ነበረው።

ከዚያ ሞንሌያሌ በምትባል መንደር ዋልተር ማሳ የሚባል ወይን ጠማቂ ተነሳ። (ስሙ በእኛ ቋንቋ «ማሳ» መሆኑን ሳስበው ደስ ይለኛል።) እዚህም እዚያም የቀሩትን ግንዶች ፍሬ ከሌላ ሳይቀላቅል ብቻውን ጠመቀው። የመጀመሪያው ጠርሙስ በፈረንጆቹ የ1987 ምርት ነው። ያኔ ቲሞራሶ የሚል ስም ገበያ ላይ ማንም አይጠይቅም። እሱ ግን ተከለ፣ ጨመረ። ጎረቤቶቹ ቀስ በቀስ ተከተሉት። ዛሬ ዘሩ ከመጥፋት ድኗል፤ ሆኖም ኮረብቶቹ ትንሽ ናቸው፣ ምርቱም ትንሽ ነው። አንተ ቁም ሳጥን ላይ የደረሰው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙስህ። 2018 የሚለው ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። በእኛ 2011 ዓ.ም. ሊገባ ሲል ወይም እንደገባ ማለት ነው፤ እንቁጣጣሽ ሰሞን። ጓደኛህ «ነጭ ወይን ሲቆይ ይበላሻል» ያለው ለብዙዎቹ ልክ ነው። ቲሞራሶ ግን መቆየት ከሚወዱት ወገን ነው። ዓመታት ሲያልፉበት ወደ ወርቅማ ቢጫ ይሄዳል፣ ማር ማር የሚለው ሽታም ያኔ ይጎላል። ስለ ቢጫው አትጨነቅ።

እኔን ያስጨነቀኝ የሚያዝያው ሙቀት ነው። እሠራበት የነበረው ሆቴል ነጩን ወይን የሚያስቀምጠው ከወጥ ቤቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራ መጋዘን ነበር። ከማዶ ምድጃው ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ደጋግሜ ተናግሬ ሰሚ አጣሁ። አንድ በጋ ሦስት ካርቶን ተበላሸ። እንግዳ ፊት ከፍቼ የሆምጣጤ ሽታ ሲመጣብኝ የተሰማኝ ሐፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ከቁም ሳጥኑ አውርደው። ቡሹን እየው። ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣ ወይም በዙሪያው የደረቀ ፈሳሽ ካለ ሙቀት ነክቶታል፤ በቶሎ ክፈተው። ቡሹ በቦታው ካለ አልጋ ሥር፣ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ፣ በጎኑ አስተኛው። ቡሹ ከወይኑ ከራቀ ይደርቅና አየር ያስገባል። ስትከፍተው መልኩ ቡናማ ሆኖ ሽታው ሆምጣጤ ከሆነ ግን አብቅቷል።

ለክርስትናው? አይሆንም። ከአንድ ጠርሙስ ስድስት ብርጭቆ ነው የሚወጣው። በዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል ማንም ሳያጣጥመው ያልቃል። ለክርስትናው ጠጅ ይሁን፤ የጎጃም ማር እያለ ምን አነሰን! ጠርሙሱን ከድግሱ በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከአራት ከአምስት ሰው ጋር ክፈት። ባለቤትህ የምታጠባ ከሆነ ለጊዜው ታሽትተው፤ ማሽተቱም ብዙ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘህ ከመጠጣትህ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ አውጣው። 12 ዲግሪ ገደማ ይስማማዋል። በረዶ እስኪመስል ከቀዘቀዘ ሽታው ይታፈናል። ለምግብ የጣና ቆረሶ ዓሣ ጥብስ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት። የዶሮ አልጫም አይብም ያምርበታል። ቀይ ወጥ ግን አታቅርብበት፤ በርበሬው ምላስህን ይይዘውና ወይኑ ውኃ ይሆንብሃል።

ስለ መትከሉ፦ ወይን እኛ አገር ይበቅላል። ካስቴል የሚባለው የወይን ኩባንያ ዝዋይ ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉ ዘሮችን ተክሎ በፈረንጆቹ 2014 ወይኑን መሸጥ ጀመረ። ቲሞራሶ ግን የክረምት ብርድ ሲመጣ ተኝቶ በጸደይ የሚነቃ ተክል ነው። የጎጃም ክረምት ደግሞ ዝናብ ነው፤ ዝናብ በቅጠሉ ላይ ሻጋታ ያመጣበታል። እንግዶችህን «የተክሉን ቁራጭ በሻንጣ አምጡልኝ» እንዳትል አደራ። ፊሎክሴራም አውሮፓ የገባችው ከተክል ጋር ተጉዛ ነው።

ስትከፍተው አንድ ብርጭቆ ያህል አስቀር። ቡሹን መልሰህ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረውና በማግስቱ ማታ ቅመሰው። የትኛው ቀን እንደበለጠብህ ጻፍልኝ።