መልስ፦ 30 ሊትር የካሜራ ቦርሳ ይበዛብኝ ይሆን?

አንድ ካሜራ፣ ሁለት ሌንስና ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ይዘህ ቀኑን ሙሉ በእግር ለመሄድ 30 ሊትር ቦርሳ ይበዛ እንደሆነ ጠይቀሃል። አዎ ወንድሜ፣ ይበዛል። 20 ሊትር አካባቢ ይበቃሃል። ባዶ ቦታ ካገኘህ መሙላትህ አይቀርም፤ 70-200 ኤፍ 2.8 የሚባለው፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያነሳው ትልቅ ሌንስ ደግሞ ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ነው።

ከሊትሩ ይልቅ የወገብ ቀበቶውን አጥብቀህ እይ። ቀጭኑ ጥብጣብ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ከመያዝ ያለፈ ጥቅም የለውም። ሸክሙን ከትከሻ ላይ የሚያነሳው ስፖንጅ ያለው፣ የዳሌ አጥንት ላይ የሚያርፈው ነው። ስታነግተው መጀመሪያ እሱን ቆልፍ፣ ከዚያ የትከሻውን ማንገቻ አሳጥር። ከባዱን ሌንስ ወደ ጀርባህ አስጠግተህ መሃል ላይ አስቀምጠው፤ ወደ ውጭ ከራቀ ወደ ኋላ ይጎትትሃል። ትራይፖዱን በአንድ ጎን ካሰርክ በሌላው ጎን የውሃ ኮዳ ይመጣጠናል (ክዳኑን ግን ሁለት ጊዜ እይ!)።

መክፈቻው በጀርባ በኩል የሆነውን እመርጣለሁ። ጭቃ ላይ ስታስተኛው ጀርባህን የሚነካው ፊት ንጹሕ ይሆናል፤ ሰው በበዛበት ቦታም ከኋላህ ማንም አይከፍተውም። ችግሩ ካሜራ ለማውጣት በየጊዜው ማውለቅ አለብህ። ቶሎ ቶሎ ፎቶ የምታነሳ ከሆነ የጎን መክፈቻ ያለው ይሻልሃል።

«ውሃ አያስገባም» የሚባለውን ዚፕ ለከባድ ዝናብ አትመነው፤ የዝናብ ሽፋን ያዝ። ቦርሳው ከረጠበ ዕቃውን አውጥተህ ክፍቱን አድርቀው፣ እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል።