መልስ፦ የመቅደላው ራሳም እና የነነዌው ራሳም

ሰላም ወንድሜ። «መቅደላ የታሰረው ራሳም ነነዌን ከቆፈረው ሰውዬ ጋር ዝምድና አላቸው ወይ?» ብለህ ነበር። ዝምድና ሳይሆን አንድ ሰው ነው! ሆርሙዝድ ራሳም ይባላል፣ የዛሬዋ ኢራቅ ውስጥ ሞሱል የተወለደ የአካባቢው ክርስቲያን።

ሥራውን የጀመረው እንግሊዛዊው ኦስተን ሄንሪ ላያርድ እ.ኤ.አ. በ1845 ናምሩድን (የጥንት አሦራውያን ከተማ ፍርስራሽ) መቆፈር ሲጀምር ረዳቱ ሆኖ ነው። ላያርድ መጀመሪያ ቦታው ራሱ ነነዌ መስሎት ነበር፣ መጽሐፉንም በዚያው ስም አወጣው። እውነተኛዋ ነነዌ ግን ጤግሮስን ተሻግሮ ከሞሱል ፊት ለፊት ነበረች።

ላያርድ ወደ ፖለቲካ ሲዞር ቁፋሮው ለራሳም ቀረ። በ1853 መጨረሻ ላይ፣ የነነዌ ፍርስራሽ ከተቀበረበት ጉብታ ለፈረንሳዮች ተመድቦ በነበረው ክፍል ውስጥ በሌሊት ሠራተኞቹን ይዞ ቆፈረና የአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት አገኘ። ግድግዳው ላይ ያ ዝነኛው የአንበሳ አደን ተቀርጿል፣ ወለሉ ላይ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የተጻፈባቸው የሸክላ ጽላቶች ነበሩ። የጊልጋመሽ ታሪክ (ስለ አንድ ንጉሥ የሚተርክ ጥንታዊ ግጥም) የተገኘው ከነነዌ ጽላቶች ነው፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ጆርጅ ስሚዝ በ1872 ውስጡ የጥፋት ውሃን ታሪክ አነበበ።

ራሳም ወደ እኛ አገር የመጣው በሁለት የቁፋሮ ጊዜዎች መሀል ነው። የእንግሊዝ መንግሥት አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን እንዲያስፈታ ላከው፣ እ.ኤ.አ. በ1866 መጀመሪያ ከንጉሡ ጋር ተገናኘ፣ ከዚያ ራሱም ታስሮ እስከ 1868 መቅደላ ቆየ። ከተፈታ በኋላ ስለዚሁ መጽሐፍ ጽፏል።

በኋላ ወደ ቁፋሮው ተመልሶ ባቢሎን ላይ የቂሮስን ሲሊንደር (የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ያስጻፈውን የሸክላ ጽሑፍ) ያገኘውም የሱ ቡድን ነው። ለዚህ ሁሉ ሥራው በሕይወት እያለ የሚገባውን ክብር አለማግኘቱ በጣም ያሳዝነኛል።