አሮጌ ሸራ ለትንሽ ጀልባ፦ መቀሱ በየት በኩል ይግባ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጥብርያዶስ ነው። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ20 የሆነ የኮምፔንሳቶ ጀልባ አለችኝ። ሸራዋ ስለተቀደደ ከሌላ ጀልባ የወረደ የዳክሮን (ለሸራ የሚሠራ የፖሊስተር ጨርቅ) ሸራ በርካሽ ገዛሁ፤ ግን ተለቀብኝ። በምሰሶው በኩል የሚቆመው የፊት ጠርዝ 4.90 ሜትር፣ የኋላው 5.20፣ የታችኛው 2.30 ነው። የእኔ ምሰሶ ከአግዳሚው (የሸራውን ታች ከሚይዘው አግድም እንጨት) በላይ የሚይዘው 4.10 ሜትር ብቻ ነው፤ አግዳሚው ራሱ 2.20 ይሆናል። ምሰሶው ድቡልቡል እንጨት ነው፣ ሸራው የሚገባበት ቦይ የለውም። ልብስ ሰፊ የሆነ ጓደኛዬ ከኋላ በኩል እንቁረጠው ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የኋላውን ጠርዝ አትንኩት። እዚያ በኩል የጨርቁ ክሮች ከጠርዙ ጋር እኩል ይወርዳሉ፤ ትልቁን ጉተታ የሚሸከሙትም እነሱ ናቸው። አጋድማችሁ ከቆረጣችሁት ጨርቁ ይለጠጥና ጠርዙ በነፋስ ሲርገበገብ ይውላል። የፊቱም ጠርዝ ቢሆን በጥንቃቄ የተሰላ ነው። ሸራ መሬት ላይ ሲነጠፍ ጠፍጣፋ ቢመስልም ነፋስ ሲሞላው ሆድ ያወጣል፤ ሆዱ የሚመጣው የፊቱ ጠርዝ ወደ ውጭ ጎበጥ ተደርጎ ስለተቆረጠና ቁራጮቹ ሲጋጠሙ ዳርና ዳራቸው ላይ ሰፋ ተደርገው ስለተደረቡ ነው።

የሚቆረጠው ከታች ነው። ከታችኛው ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ 80 ሳንቲሜትር ብታነሱ የፊቱ 4.10፣ የታችኛው 1.92፣ የኋላው 4.35 ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ በአግዳሚውም ልክ ይገባል። ስፋቱ ከ5.6 ወደ 3.9 ካሬ ሜትር ይወርዳል፤ ይህ ለእንዲህ ያለች ጀልባ ተስማሚ ነው።

ከመቁረጥ በፊት ግን ሸራው ጉልበት እንዳለው ይፈትሹ። የስፌቱን ክር በአውራ ጣት ጥፍር ይፋቁት፤ ከተበጠሰ ፀሐይ ጨርሶታል፣ ስፌቱ በሙሉ እንደገና መሰፋት አለበት። ጨርቁ ራሱ በእጅ ሲሳብ የሚቀደድ ከሆነ ግን ድካሙ አያዋጣም፣ ይተውት። ቀጥሎ ትርፉን አጣጥፈው በገመድ ጠፍረው ሸራውን በምሰሶው ላይ ይስቀሉና ዳር ሆነው ይመልከቱ። መቀስ ከገባ በኋላ መመለሻ ስለሌለው ይህ ግማሽ ቀን አያስቆጭም።

አዲሱን የታች ጠርዝ በቀጥታ መስመር አይቁረጡት። ከማዕዘን ማዕዘን ገመድ ወጥረው፣ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ፊት ባለው ቦታ ከገመዱ በታች 7 ሳንቲሜትር እንዲተርፍ ጎበጥ አድርገው ያስምሩ፤ ለእጥፋት ደግሞ 3 ሳንቲሜትር ይጨምሩ። የሬዲዮ ጠጋኞች በሚበይዱበት የጋለ ብረት ከቆረጡት ጠርዙ ቀልጦ ስለሚታተም አይተረተርም። ከአግዳሚው ጋር በሁለቱ ማዕዘኖች ብቻ ይታሰር፤ መሐሉ ልቅ ሲሆን ሆዱን የኋለኛውን ማዕዘን በሚወጥረው ገመድ ማጥበቅም ማላላትም ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማዕዘኖቹ ላይ ነው። የቆረጣችሁት 80 ሳንቲሜትር የድሮዎቹን ማጠናከሪያዎች ይዞ ሄዷል፤ አዲሱ ማዕዘን አንድ ነጠላ ጨርቅ ነው። ቀለበት ብቻ ቢመቱበት በመጀመሪያው ጠንካራ ነፋስ ተቦጭቆ ይወጣል። ከቁራጩ ሦስት ድርብ ያውጡ፤ 30፣ 22 እና 15 ሳንቲሜትር፣ ትንሹ ከላይ። የኋለኛው ማዕዘን ድርቦች ክራቸው ከሸራው ክር ጋር አንድ አቅጣጫ ይያዝ። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፈው ያስተካክሉ፣ ከዚያ ይስፉ፤ ዳክሮን ስለሚንሸራተት ያለ ፕላስተር መስፋት መጨማደድ ያመጣል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን (ጥጥ ይበሰብሳል)፣ መርፌው ቁጥር 16 ወይም 18፣ ስፌቱ 5 ሚሊሜትር የሚሰፋ ዚግዛግ፣ ሁለት ረድፍ። ማሽኑ ድርቡን ካልበሳው እጅ ይጨርሰው። ከተመታ ቀለበት ይልቅ የማይዝግ ብረት ቀለበት በሦስት የፖሊስተር ጥብጣብ እንደ ጣት ተበትኖ ቢሰፋ የበለጠ እንመርጣለን።

የፊቱን ጠርዝ ገመድ አያውጡት፣ ያጠነክረዋል። ነገር ግን አሮጌ ገመድ ስለሚያጥር ጨርቁን ይጨመድዳል፤ ጫፉን 15 ሳንቲሜትር ፈትተው እንዲላላ ካደረጉ በኋላ ይስፉት። ቦይ ስለሌለ በየ30 ሳንቲሜትሩ ቀለበት ያድርጉና እያንዳንዱን ለየብቻ ከምሰሶው ጋር ይሰሩ። ከአናቱ እስከ አዲሱ ማዕዘን ገመድ ወጥረው ጉብጠቱንም ይለኩ። ለማይታጠፍ የእንጨት ምሰሶ እስከ 4 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በጣም ከበለጠ ሸራው ለሚታጠፍ ምሰሶ የተሰፋ ነበርና ትርፉ መቀነስ አለበት፤ ካልሆነ ሆዱ እንደ ከረጢት ይሆናል።

እርስዎ ባሉበት ባሕር በሞቃታማው የበጋ ወራት ጠዋት ጸጥ ብሎ ከቀትር በኋላ የምዕራቡ ነፋስ ይበረታል። ስለዚህ በጠንካራ ነፋስ ሸራውን አጥፎ ለማሳጠር ከአዲሱ ጠርዝ 70 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ሁለተኛ የማዕዘን ቀለበቶች ከነድርባቸው ይኑሩት፤ በኋላ በኩል 5 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። ሸራው ሲታጠፍ 2.7 ካሬ ሜትር ይቀራል። በእነዚህ ቀለበቶች መሐል የሚደረጉት ትናንሽ ገመዶች ትርፉን ለመጠቅለል ብቻ ናቸው፤ ጉተታውን እነሱ ላይ ከጣሉት ሸራው ይቀደዳል።

ሸራው ሲያጥር የነፋሱ ግፊት መሐል ወደ ፊት ይሳባል። በመካከለኛ ነፋስ የመሪውን እጀታ ለቀቅ ያድርጉት፤ ጀልባዋ ቀስ ብላ ወደ ነፋሱ ከዞረች ደህና ነው። ከነፋሱ ከሸሸች አደገኛ ነው፣ ምሰሶውን በትንሹ ወደ ኋላ ያዘንብሉት።

ጥያቄ፦ በኔዘርላንድ ነኝ። የዊንድሰርፊንግ (በሸራ የሚነዳ የውሃ ላይ ሰሌዳ) ሸራ በነፃ ተሰጠኝ፤ በእንጨት ምሰሶ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ በእንጨት ምሰሶ አይሠራም። ያ ሸራ የተሰፋው በኃይል ወደ ታች ሲወጠር በጣም ለሚታጠፍ ምሰሶ ነው፤ በማይታጠፍ ላይ በፊት በኩል ተጨማድዶ ከረጢት ይሆናል። አብዛኛው ክፍሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ማስተካከያ ስፌቱ ራሱ እንደ ቴምብር ቀዳዳ መቀደጃ መስመር ይሆንበታል። አሮጌ የዳክሮን ሸራ ይፈልጉ።